ለገበሬው በስልክ የሚደርሰው ቃል ጥርት ብሎ ይሰማ

በቀድሞው ዘመን ዐዋጅ በሚታወጅበት ጊዜ ነጋሪት ይጎሰም፣ ሕዝቡም በገበያው መካከል ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ዐዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል የሚያስተላልፈው ቃል አጭር ቢሆንም የያዘው ቁም ነገር ከፍ ያለ ነው። ቃል ከጆሮ ወደ ጆሮ ሊያልፍ የሚችለው በመጀመሪያ በሚገባ ከተሰማ ነውና። ያልተሰማ ቃል አይተላለፍም፤ ተዛብቶ የተሰማ ቃል ግን ተዛብቶ ይተላለፋል፤ ጉዳቱም ጭራሽ ካልተሰማው ይብሳል።

ዛሬ በገጠሩ ክፍል የነጋሪቱን ሥራ እየተካፈለ ያለው ስልክ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመተባበር በ2006 ዓ. ም. ሥራ ያስጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ገበሬው ወደዚህ ቁጥር ደውሎ የሚፈልገውን ቋንቋና የሰብል ዓይነት የስልኩን ቁልፍ በመጫን ሲመርጥ፣ አስቀድሞ የተቀዳ ምክር በድምፅ ይነገረዋል። አገልግሎቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተጀምሮ ከዚያ በኋላ ሌሎች ቋንቋዎች ተጨምረውበታል፤ የደዋዮቹም ቁጥር በሚሊዮን የሚቆጠር ሆኗል። ይኸው መስመር ስለ ሰብል በሽታና ስለ ተባይ ማስጠንቀቂያ ለመላክም አገልግሏል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ማንበብ ለማይችለው ወይም የተጻፈው ቋንቋ የእርሱ ላልሆነው ሰው፣ በራሱ ልሳን የተነገረ አንድ ደቂቃ ምክር ከብዙ ገጽ ወረቀት ይበልጥበታል።

ይህ ትምህርት በተለይ የሚጠቅመው በጂንካ ዙሪያና በደቡብ ኦሞ ለሚኖረው ሕዝብ ነው። አሪ፣ ማሌ፣ ሐመር፣ በና፣ ፀማይ፣ ኤርቦሬ፣ ካሮ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲ፣ ቦዲና ሌሎችም በሚኖሩበት በዚህ ምድር የሚነገሩት ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አብዛኞቹ የጽሕፈት ልምዳቸው ገና አጭር በመሆኑ በጽሑፍ የሚላክ የስልክ መልእክት ለብዙው አባወራና እማወራ ፋይዳው ጥቂት ነው። በድምፅ የሚላከው ግን እረኛው በግጦሽ መስኩ፣ ገበሬው በማሳው ዳር ሆኖ ሊያዳምጠው ይችላል።

ነገር ግን የአንድ መልእክት በስልክ መላክና የዚያው መልእክት በስልክ መሰማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በብዙ ሥራ ቤቶች የሚታየው ልማድ እንደሚከተለው ነው። ባለሙያው ምክሩን በእጅ ስልኩ ይቀዳል፤ ቅጂውን በቴሌግራም ለሌላው ያስተላልፋል፤ ያም ሰው ለሬዲዮ ወይም ለዘፈን በሚያገለግለው ኤም ፒ ስሪ በሚባለው መልክ አጥቦ ያስቀምጠዋል፤ በመጨረሻም ይኸው ፋይል በቀጥታ በስልኩ መስመር ላይ ይጫናል። በቢሮው ኮምፒዩተር ሲከፈት ጥሩ ይሰማል። በሜዳ ላይ ባለው ገበሬ ጆሮ ግን እንደታፈነ ሰው ድምፅ ይሆናል። ጥፋቱ የተናጋሪው አይደለም፤ የስልኩም አይደለም። ቅጂው ለስልክ እንዲስማማ ሆኖ አለመዘጋጀቱ ነው።

ምክንያቱን መረዳት የገበሬ ማኅበር መሪ ሊቸግረው የሚገባ አይደለም። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ መስማት ይችላል። ይህ ርግብግቢት ሄርትዝ በሚባል መለኪያ ይለካል። ተራው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ግን ከ300 እስከ 3,400 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ነው። የስልክ መሐንዲሶች ይህን ያህል ብቻ የመረጡት በአንድ መስመር ብዙ ጥሪ ለማሳለፍ እንዲቻል ሲሆን፣ ንግግርን ለመረዳት የሚበቃውም የድምፅ ክፍል በዚሁ ክልል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ስልክ ዓይኑ የጠበበ ወንፊት ነው ማለት ይቻላል። በወንፊቱ የማያልፈው ይቀራል። ለምሳሌ «ሰ» የሚለው ድምፅ ፉጨቱ በአብዛኛው ከ4,000 ሄርትዝ በላይ ስለሆነ በስልክ ሲሰማ ከ«ፈ» ጋር ይምታታል።

ኤም ፒ ስሪ የተባለው ዘዴ ደግሞ የተፈጠረው ለሌላ ዓላማ ነው። እ. ኤ. አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን አገር የፍራውንሆፈር ተቋም መሐንዲሶች ከሌሎች ጋር ሆነው ያዘጋጁት ሙዚቃን በትንሽ ቦታ ለማስቀመጥ ነበር። አሠራሩም በትልቁ ድምፅ ሥር ተሸፍኖ ጆሮ የማይለየውን ትንሽ ድምፅ እየመረጠ መጣል ነው። በዚህ ዘዴ በሴኮንድ 128,000 ቢት ሆኖ የተቀመጠ አንድ ደቂቃ ድምፅ 1 ሜጋባይት ገደማ ሲይዝ፣ ያልታጠበው ባለ ሁለት መስመር ቅጂ ግን 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። የቦታው ቁጠባ ትልቅ ነው፤ ዳሩ ግን የተጣለው ተመልሶ አይገኝም። ከዚያም አልፎ የተጣለው የተመረጠው ሙሉውን ድምፅ ለሚሰማ ጆሮ ነው እንጂ በስልኩ ጠባብ ወንፊት በኩል ለሚሰማ አይደለም።

የስልኩ ልክ ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌግራፍና የስልክ አማካሪ ኮሚቴ እ. ኤ. አ. በ1972 ባጸደቀው ጂ 711 በተባለው ደንብ መሠረት ድምፁ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ እየተለካ፣ እያንዳንዱ ልክ በ8 ቢት ተመዝግቦ በሴኮንድ 64,000 ቢት ሆኖ ይጓዛል። ይህ ደንብ ሁለት ዓይነት አመዘጋገብ አለው። ኤ-ሎው የሚባለው በአውሮፓና በአብዛኛው ዓለም፣ ሚዩ-ሎው የሚባለው ደግሞ በሰሜን አሜሪካና በጃፓን የሚሠራበት ነው። በእጅ ስልክ ሲሆን ድምፁ ከዚህም በላይ ይጨመቃል። የሁለተኛው ትውልድ የእጅ ስልክ ድምፁን በሴኮንድ 13,000 ቢት በሚሆን መጠን ብቻ ያሳልፋል። እንግዲህ አንድ ምክር መጀመሪያ በተቀዳበት ስልክ፣ ቀጥሎ በቴሌግራም፣ ከዚያ በኤም ፒ ስሪ፣ በመጨረሻም በእጅ ስልክ መረብ ሲታሽ፣ አራት ጊዜ ተፈጨ ማለት ነው።

ገበሬ እህልና ዱቄትን ለይቶ ያውቃል። ዱቄት ለእንጀራ ይሆናል፤ ዘር ግን አይሆንም። የታጠበው ፋይልም እንዲሁ ነው። ለማዳመጥና ለመላላክ ያገለግላል፤ ሌላ ቅጂ እንዲወጣበት ግን ዘር ሊሆን አይችልም። ዘሩ መጀመሪያ የተቀዳው፣ ዌቭ በሚባለው መልክ ሳይታጠብ የተቀመጠው ድምፅ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ግዴታም ይህን ዘር እንደ ዘር እህል መጠበቅ ነው። ቦታ ይፈጃል የሚለው ምክንያት ዛሬ አያስኬድም። በአንድ መስመር የተቀዳ ያልታጠበ ድምፅ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ 16 ጊጋባይት የምትይዝ ትንሽ የስልክ ካርድ ብቻዋን 50 ሰዓት ያህል ምክር ታስቀምጣለች።

ከዘሩ ቅጂ ለስልክ የሚሆነውን ለማውጣት የሚያስፈልገው ሥራ ረጅም አይደለም። በመጀመሪያ ድምፁ በሁለት መስመር የተቀዳ ከሆነ ወደ አንድ መስመር ይመለሳል። ቀጥሎ ከ300 ሄርትዝ በታች ያለው የነፋስና የሞተር ጉርምርምታ፣ ከ3,400 በላይ ያለውም ይጣራል። ይህ ማጣራት መቅደም አለበት። ከፍተኛው ድምፅ ሳይወገድ ልኩ ወደ 8,000 ከወረደ፣ በ5,000 ሄርትዝ የነበረው ፉጨት ተገልብጦ በ3,000 ላይ ስለሚወድቅ ንግግሩን ያበላሻል። ከዚያ በኋላ ልኩ በሴኮንድ ወደ 8,000 ይወርዳል። የድምፁም ከፍታ ከዳር እስከ ዳር ይስተካከላል፤ እንዳይሰነጠቅም ከጣሪያው ጥቂት ዝቅ ይደረጋል። በመጨረሻ ስልኩን የሚያስተናግደው መሣሪያ በሚጠይቀው መሠረት በ16 ቢት ዌቭ ወይም በኤ-ሎው ይቀመጣል። በኤ-ሎው የተቀመጠ አንድ ደቂቃ 480 ኪሎባይት ብቻ ይይዛል፤ ይኸውም ከተለመደው ኤም ፒ ስሪ ግማሽ ያህል ነው። ኦዳሲቲ፣ ሶክስና ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ የሚባሉት ይህን የሚሠሩ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች በነጻ የሚገኙ በመሆናቸው ገንዘብ የለም የሚል ምክንያትም የለም።

ዘሩ ጠፍቶ የታጠበው ፋይል ብቻ በእጅ የቀረ እንደሆነ፣ ከተገኙት ሁሉ መጀመሪያ የወጣውንና ትልቁን መርጦ በዚሁ መንገድ ማዘጋጀት ይቻላል። ሆኖም መልእክቱ የሰው ወይም የከብት ሕይወት የሚነካ ከሆነ፣ ተናጋሪውን ጠርቶ እንደገና መቅዳት ከሁሉ የተሻለ ነው። የአንድ ደቂቃ ንግግር ለመድገም የሚጠፋው ጊዜ ከሚያድነው ጉዳት ጋር አይመዛዘንም።

ስለ ጉዳቱ ጥቂት ምሳሌ ማንሣት ይበቃል። በአማርኛ «ሠላሳ» እና «ስልሳ» የሚለያዩት በአናባቢያቸው ብቻ ነው። በታፈነ ድምፅ ለ20 ሊትር ውሃ ሠላሳ ሚሊ ሊትር መድኃኒት አድርግ የተባለ ገበሬ ስልሳ ብሎ ከሰማ፣ የሚያደርገው የታዘዘውን እጥፍ ነው። በ2009 ዓ. ም. መጤ ተምች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተገኝቶ በበቆሎ ላይ ከተዛመተ ወዲህ በመርጫ የሚሠራው ገበሬ ቁጥር ጥቂት ባለመሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም። ለዚህም «ስልሳ» ከማለት «ስድሳ» ማለት፣ ቁጥሩንም ሁለት ጊዜ መድገም ይበጃል።

ሁለተኛው ምሳሌ የቀን ስም ነው። ጥሪው ሲከፈት የመጀመሪያው ድምፅ ብዙ ጊዜ ስለሚቆረጥ፣ «ማክሰኞ የከብት ክትባት አለ» የሚለው መልእክት «ሰኞ የከብት ክትባት አለ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከብቱን በበጋ ፀሐይ ነድቶ አንድ ቀን ቀድሞ የደረሰ አርብቶ አደር፣ ክትባቱን ሳያገኝ ውሃ ወዳለበት ሊመለስ ይገደዳል። በሚቀጥለውም ጊዜ ጥሪው ቢመጣ አያምነውም። ይህን ለማስቀረት በቅጂው መጀመሪያ አንድ ሴኮንድ ያህል ጸጥታ መተው፣ ከዚያም በሰላምታ ጀምሮ ዋናውን ቃል ማስከተል በቂ ነው። ቀኑንም በገበያ ማስታወስ ይቻላል። ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ጂንካ ቅዳሜ እንደሚገበያይ የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለምና «የቀይ አፈር ገበያ በሚውልበት ቀን» የተባለው ቃል በቀላሉ አይምታታም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የጎርፍ ነገር ነው። በነሐሴ ወር 1998 ዓ. ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎችና እጅግ ብዙ ከብት መፍጀቱ አይዘነጋም። ከዚያም ወዲህ የወንዙና የቱርካና ሐይቅ ውሃ እየተስፋፋ ብዙ የዳሰነች ቤተሰቦችን ከመንደራቸው አፈናቅሏል። በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ የወንዙን አወራረድ ስለለወጠው፣ ሽማግሌዎች ከዘመን ዘመን ሲያነቡት የኖሩት የውሃው ምልክት ብቻውን እንደ ቀድሞው መተማመኛ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ከላይ የሚላከው ማስጠንቀቂያ ክብደቱ ጨምሯል። እንዲህ ባለው ሰዓት «ከወንዙ ራቁ» የሚለው ቃል ሳይሰማ ቢቀር ደግመህ ንገረኝ ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አይኖርም።

ይህ ሁሉ የቴክኒሺያን ሥራ ነው፤ የገበሬ ማኅበር መሪን አይመለከተውም የሚል ይኖር ይሆናል። በርግጥ ፋይሉን የሚለውጠው ባለሙያው ነው። ነገር ግን በጂንካ ቢሮ የተቀመጠው ባለሙያ ሐመርኛን ወይም ኛንጋቶምኛን የማይሰማ ከሆነ፣ ድምፁ ጥርት ማለቱን እንጂ ቃሉ መለየቱን ሊመሰክር አይችልም። እንደ ኛንጋቶምኛና ሙርሲኛ ባሉት ቋንቋዎች የድምፁ መውጣትና መውረድ ራሱ ትርጉም የሚለውጥ በመሆኑ፣ ፈራጁ ያንን ቋንቋ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማው ሰው ብቻ ነው። እርሱን መርጦ ማቅረብ የሚችለው ደግሞ የማኅበሩ መሪ ነው።

ሌላው የሚሰነዘረው አስተያየት አዲሱ የስልክ መረብ ድምፅን ከቀድሞው አስፍቶ ስለሚያሳልፍ ችግሩ በራሱ ጊዜ ይወገዳል የሚል ነው። እውነት ነው፤ በአራተኛው ትውልድ መረብ ላይ እስከ 7,000 ሄርትዝ ድረስ ማሳለፍ የሚችል ዘዴ አለ። ይሁን እንጂ ይህን ለማግኘት ስልኩም፣ መረቡም፣ መልእክቱን የሚልከው መሣሪያም ሁሉም አዲስ መሆን አለባቸው። በቁልፍ የሚሠራ ትንሽ ስልክ የያዘውና ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ የሚወጣው ሰው ከዚህ አይቆጠርም። መልእክት የሚዘጋጀው ጥሩ ስልክ ላለው ሳይሆን ደካማውን ለያዘው መሆን ይገባዋል። በደካማው የተሰማ በጥሩውም ይሰማልና።

በዚህ መሠረት የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች ሊያደርጉት የሚገባው ነገር ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ማንኛውም የድምፅ ምክር ወደ ሕዝቡ ከመለቀቁ በፊት በእውነተኛ ጥሪ፣ በተራ የእጅ ስልክ እንዲሞከር ሊጠይቁ ይገባል። በኮምፒዩተር ማጉያ የተሰማ ሙከራ ሙከራ አይባልም። ከዚያም ጽሑፉን ያላዩ አምስት ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል ሴቶችና አረጋውያን ተመርጠው በገበያ ቀን ጫጫታ መካከል እንዲያዳምጡት ማድረግ ነው። ሰዎቹ ቀኑን፣ መጠኑንና ቦታውን በቃላቸው ይድገሙ። አንዱ እንኳ ከተሳሳተ ቅጂው ተመልሶ ይስተካከል። ሙዚቃ ወይም ከበሮ ከንግግሩ ሥር ከተደረገበትም እንዲወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የእጅ ስልክ ድምፅን የሚጨምቀው በሰው ንግግር ልክ ስለሆነ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሁለቱም ይበላሻሉ።

በመሥሪያ ቤቶችም በኩል ሊደረግ የሚገባ አለ። በአካባቢው ቋንቋዎች የሚያሰራጨው የጂንካ የኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ የጂንካ ግብርና ምርምር ማዕከልና የጂንካ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ መገኘታቸው መልካም አጋጣሚ ነው። የመቅጃ ክፍሉ፣ የግብርናው ዕውቀትና የኮምፒዩተሩ ሙያ ተቀራርበው ይገኛሉ። እነዚህ ወገኖች ተባብረው የእያንዳንዱን ምክር ዘር ቅጂ በአንድ ቦታ ቢያስቀምጡ፣ በየቅጂውም ላይ ቋንቋውን፣ የተቀዳበትን ቀንና የምክሩን ዓይነት ቢጽፉበት፣ ለስልክ የሚሆነውን በሚያስፈልግ ጊዜ ሁሉ አዲስ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። ጊዜው ያለፈበትም ምክር ተለይቶ ይነሣል።

ስልክ ለሁሉም አልደረሰም፤ ኔትወርክም በቆላው ሁሉ የለም። ስለዚህ የስልኩ ጥሪ የገበያውን ልፈፋ፣ የሽማግሌዎችን ሸንጎና የልማት ሠራተኛውን እግር አይተካም። ይሁንና ስልክ ያለው አንዱ ሰው በደንብ ከሰማ ስልክ ለሌላቸው ዐሥር ጎረቤቶቹ ሊያሰማ ይችላል። አንድ የተበላሸ ፋይልም ዐሥር ሰው ሊያሳስት የሚችለው በዚሁ መንገድ ነው።

የሚጠየቀው ትልቅ በጀት ሳይሆን ጥቂት ጥንቃቄ ነው። ዘሩን መጠበቅ፣ ለስልክ በስልክ ልክ ማዘጋጀት፣ ከመላክ በፊት በገበሬው ጆሮ መፈተሽ ብቻ ነው። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው የአባቶች ቃል ዛሬም የሚሠራው የመጀመሪያው ሰው በርግጥ ሲሰማ ነው። ሳይሞከር የተላከ ጥሪ ሁሉ በማኅበሩ መሪ ዘንድ ገና እንዳልተላከ ሊቆጠር ይገባል።